አፈ ጉባኤው ዝም ያለ ቀን

በትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ የእሱን ድምፅ የማያውቅ መንገደኛ አልነበረም። ከትኬት መቁረጫው በላይ ባለች፣ ወንበሩንና ጉልበቱን ብቻ በምትችል የመስታወት ክፍል ውስጥ ይቀመጥና፣ ማይክሮፎኑን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ የሚወጣውንና የሚገባውን አውቶቡስ ይጠራል። ጠርቶ ብቻ አይተውም። «መንገደኞች፣ የራሳችሁን ሻንጣ ያዙ፤ የጎረቤታችሁ ሻንጣ የጎረቤታችሁ ናት» ይላል። የጠፋ ልጅ ሲገኝ ደግሞ፣ «እናቱ፣ ልጅሽ እዚህ ሙዝ እየበላ ነው። የጠፋችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም እያለ ነው፤ ነይና ተገኚ» ይላል። መናኸሪያው በሙሉ ይስቃል። ሾፌሩም፣ ጥበቃውም፣ ሶፍት አዟሪውም የሚጠሩት በአንድ ስም ነበር፤ አፈ ጉባኤ።

ስሙን ያወጡለት ግን እነሱ አልነበሩም። ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ያወጣችለትም በታናሽ እህቱ ምክንያት ነው።

እህቱ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ምላሷ ይይዛት ነበር። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለእሷ አፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ዳገት ነበር። አንዳንዴ ቃሉ መነሻው ላይ ተሰንቅሮ «መ፣ መ፣ መ» እያለ ይመላለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የሚባል አይወጣም፤ አፏ ተከፍቶ፣ አንገቷ ተገትሮ፣ ዐይኗ ብቻ ይቀራል። በጥቂት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ይህን ማየት አንጀቱ አይችልም ነበር። ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ይጨርስላታል። ሱቅ ሲሄዱ የሚጠይቅላት እሱ ነው። እንግዳ መጥቶ «ማን ትባያለሽ?» ቢላት ስሟን የሚናገረው እሱ ነው። ትምህርት ቤት የሚያሾፍባት ካለ እየሮጠ ይደርስና መጀመሪያ በአፉ፣ አፉ ካልበቃ በጡጫው መልስ ይሰጥላታል። እናትየዋ አንድ ቀን ሁለቱንም አፍጥጣ አየቻቸውና፣ «እኔ የወለድኩት አንዲት ልጅና አንድ አፈ ጉባኤ ነው እንዴ?» አለች። በዚያው ቀረ፤ ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣበቀበት።

ልጅቷ በአፏ ያልሆነላትን በእጇ አገኘችው። የሰፈሩን ቤቶች ትስላለች። በርና መስኮት ብቻ ብትስል ደግ ነበር፤ እሷ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ አንድ ሳታስቀር ታሰፍራለች። «ኧረ የኔ ልጅ፣ የሰውን ገመና ተይና ቤቱን ብቻ ሳይው» ትላታለች እናቷ። አልተወችም። አድጋ የሕንፃ ምህንድስና አጠናች፤ ዶክተር ሆነች፤ በተማረችበት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። አዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይደነግጣሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል። እንዲያውም በእሷ ክፍል ማስታወሻ የማይጽፍ ተማሪ የለም ይባላል፤ ቃሉ እስኪወጣ ለመጻፍ በቂ ጊዜ አለዋ።

ከክፍሏ ውጭ ግን ነገሩ እንደ ጥንቱ ነበር። ስልክ መደወል ካለባት ለወንድሟ ትሰጠዋለች። ባንክም፣ ቀበሌም፣ ሐኪም ቤትም መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚያስረዳላት አፈ ጉባኤ ነው። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር። «እኔ ባልኖር ይቺ ዶክተር በረሃብ ትሞት ነበር» እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱን ግን ግማሽ ያምንበታል።

ዩኒቨርሲቲው በዓመት አንድ ጊዜ በሩን ለሕዝብ ይከፍታል። ሳምንቱን ሙሉ ዐውደ ርእይ ይታያል፣ ቤተ ሙከራዎች ይጎበኛሉ፤ በመዝጊያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ መምህር በትልቁ አዳራሽ ለሕዝብ ንግግር ያደርጋል። የዚያን ዓመት ዕጣው ለዶክተሯ ወጣ። ርእሷን ራሷ መረጠች፤ «ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል?» የሚል ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ ይህንን ስትነግራቸው ወንድሟ ከመቀመጫው ብድግ አለ። እናቷ ግንባሯን ሳመቻት። እሷ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አ-አስተባባሪው ጠርቶኝ ነበር» አለች። የመርሐ ግብሩ አስተባባሪ ዘወትር ክራባት የሚያስር፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንለት፣ በዚህም የተነሣ ሰው ሁሉ የሚቀየመው ሰው ነበር። «እንዳይከብድዎት ብዬ ነው አ-አለኝ። ጽሑፉን እርስዎ ያዘጋጁ፣ ሌላ ሰው ያ-ያንብበው፣ እርስዎ መድረክ ላይ ይቀመጡ አለኝ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ ወንድሟ። «ሌላ ሰው ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ! እህት ዓለም፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። እኔ እንደ ውኃ ነው የማወርድልሽ።»

«አይሆንም።»

ይቺ ቃል ሳትያዝ፣ እንደ ድንጋይ ዱብ ብላ ነው የወጣችው። 

«ማለት?» አለ።

«እኔ ነ-ነኝ የምናገረው።»

«እህቴ፣ አዳራሽ እኮ ነው። ክፍልሽ አይደለም። ሰው ክፉ ነው፤ ይስቃል።»

«ይሳቅ።»

«እኔ የለመድኩት ሥራ ነው። አፌን የፈታሁት ለዚህ ነው።»

«ጋሼ፣ አንተ ስለ ግ-ግድግዳ ምን ታውቃለህ?»

«አነባለኋ! አውቶቡስስ መቼ ነድቼ አውቃለሁ? ሁሉንም ግን እጠራለሁ!»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ግን እጁን ያዘችና፣ «አንተ ፊት ለፊት ተ-ተቀመጥልኝ። ስማኝ። ሌላ አልፈልግም» አለችው።

እሱ ግን ከፋው። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ወጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሥራ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥተው «አንፈልግህም» ያሉት ነው የመሰለው። ማታም ብዙ አልበላም፤ በማግስቱም ድምፁን ቆጥቦ አውቶቡሶቹን ያለ ቀልድ ጠራ፤ ሾፌሮቹ «አፈ ጉባኤ አሞታል» ተባባሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ እናቱ ትዕግሥቷ አለቀ።

«የአኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል» አለችው ሳህኑን ፊቱ እያስቀመጠች። «አንተ ልጅ፣ እህትህ አፍ መቼ ጠየቀችህ? ጆሮ ነው የጠየቀችህ። እሱን መስጠት ይህን ያህል ይከብዳል?»

«አልከበደኝም።»

«ታዲያ ብላ።»

በላ። እየበላም አሰበ። ጆሮውን ብቻ ሰጥቶ መቀመጥ ግን ለእሱ ዓይነቱ ሰው ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ከዚህ ቀደም እህቱ እንደነገረችው ከሆነ፣ በሕዝብ ንግግሩ ላይ የሚገኘው ሕዝብ የተናጋሪው ባልደረቦች፣ የባልደረቦቹ ባለቤቶችና ዝናብ ያባረረው አላፊ አግዳሚ ነው። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይውላል። «እህቴማ ለወንበር አትናገርም!» አለ ለብቻው።

በማግስቱ መናኸሪያው በሚጨናነቅበት ሰዓት ማይክሮፎኑን አነሣ።

«የተከበራችሁ መንገደኞች! የቤታችሁ ግድግዳ ተሰንጥቋል? የጎረቤት ዐይን በልቶት ነው ብላችሁ ሰው እንዳታሙ! ምክንያቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ትልቁ አዳራሽ ዶክተሯ ትነግራችኋለች። መግቢያው በነፃ ነው። ስንጥቅ የሌለበትም መምጣት ይችላል፤ ሲመለስ ያገኘዋል!»

የመናኸሪያው ኃላፊ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ የመስታወቱን በር በረገደው። «ስማ አንተ፣ ይሄ የመንገደኛ ማይክሮፎን ነው ወይስ የሰርግ?»

«ይቅርታ ጌታዬ። የትምህርት ጉዳይ ስለሆነ ነው።»

«ትምህርት!» አለ ኃላፊው። ሊወጣ ዞረ፤ በሩን እንደያዘ ቆመ። «የእኔም ሳሎን ግድግዳ ከዚህ እስከዚህ ተተርትሯል። ስንት ሰዓት ነው ያልከው?»

እስከ ቅዳሜ ድረስ በየአውቶቡሱ መሐል ንግግሩ ተጠራ።

የቅዳሜው ቀን አፈ ጉባኤ ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ እናቱን ክንዷን ይዞ በዩኒቨርሲቲው ትልቅ በር ገባ። ከአዳራሹ ፊት ባለው ሰፊ ኮሪደር የእህቱ ተማሪዎች ዐውደ ርእያቸውን ደርድረዋል። በወገብ ቁመት የተገነቡ ትንንሽ ግድግዳዎች ናቸው። አንዱ ልስኑ በፀሐይ ቶሎ ደርቆ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። የሌላው ስንጥቅ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ ወርዷል። ከሁሉ በላይ ሰው የሚጋፋው ግን የመስታወት ሣጥኑ ጋ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ጥቁር አፈር አለ፤ አፈሩ ላይ ከሸክላ የተሠራች ትንሽ ቤት ቆማለች። አንዲት ተማሪ ጠዋት በአንድ በኩል ብቻ ውኃ አጠጥታዋለች። አፈሩ በዚያ በኩል አብጦ ቤቲቱን ወደ ላይ ገፍቷታል፤ ቤቲቱም መሐሏ ላይ ቀጭን መስመር አውጥታለች።

«ምስኪን» አለች እናትየዋ ለቤቲቱ።

ሰው ግን ኮሪደሩን ብቻ አልነበረም የሞላው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር አልቋል። የሥራ ጃኬታቸውን ያላወለቁ ሾፌሮች አንድ ረድፍ ይዘዋል። ሜትሩ ከአንገቱ ያልወረደ ልብስ ሰፊ አለ፤ ቡታንቲ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ አውቶቡስ ያመለጣቸው ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ መንገደኞች አሉ። ፕሮፌሰሮቹ ቦታ አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የመናኸሪያው ኃላፊ ከባለቤቱ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን አወዛወዘለት።

አፈ ጉባኤ መጀመሪያ ደረቱ ተነፋ። ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጣበት። እህቱ የተዘጋጀችው ለእፍኝ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ ፊቷ ላይ ያፈሰሰው እሱ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው።

እናቱን አስቀምጦ ከመድረኩ ጎን ወዳለችው ክፍል ሮጠ። እህቱ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር። «ማ-ማን ነው ይህን ሁሉ ሰው የጠራው?»

«እኔ እንጃ። ስንጥቅ የበዛበት ከተማ ነው መሰለኝ።»

ዞራ አየችው። ትንሽ ሳለች እሱ ሲያበሳጫት የምታየው ዓይነት ነበር፤ ለማልቀስም ለመሳቅም ያልወሰነ ዐይን። በዚህ መሐል አስተባባሪው ክራባቱን እያላላ ገባ።

«ዶክተር፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ሕዝቡ... እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጽሑፍ አነሣ። «አሁንም ጊዜ አለን። ማንም ምንም አይልዎትም። ወንድምዎም እዚሁ አሉ፤ ድምፃቸውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ለእሳቸው ደቂቃ አይፈጅባቸውም።»

ወረቀቱን ወደ አፈ ጉባኤ ዘረጋለት።

ወረቀቱ እጁ አጠገብ ነበር። ማይክሮፎኑ ከመጋረጃው ማዶ፣ ሕዝቡም የራሱ ሕዝብ፣ አብዛኛው በስም የሚያውቀው ነው። ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ያለ አዳራሽ አግኝቶ አያውቅም። እህቱን አያት። አልለመነችውም፤ አልተቆጣችውም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እጆቿ ግን ቀሚሷን ጨምድደው ይዘዋል።

«የለም» አለ አስተባባሪውን። «ተናጋሪዋ እሷ ናት። የእኔ ቦታ ፊት ወንበር ላይ ነው፤ እናቴ ይዛልኛለች።»

ብሎም፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ ወጣ።

አስተባባሪው ስሟንና ማዕረጓን አስተዋውቆ ወረደ። ዶክተሯ ወጣች። አትሮንሱ ጋ ቆማ ወረቀቷን አስተካከለች። አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። አዳራሹ መጀመሪያ ጠበቀ፤ ከዚያ ወንበር ተንቋቋ፣ የሆነ ሰው አሳለ። አፈ ጉባኤ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ስ-ስሜን አስተባባሪው ነግረዋችኋል» አለች በመጨረሻ። «ደግ አደረጉ። እኔ ብ-ብናገረው ኖሮ ይመሽብን ነበር።»

ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ይሳቅ አይሳቅ ያልታወቀ ሳቅ ነበር።

«እንደምታዩት ም-ምላሴ ይይዘኛል። በመሐል ዝም ስል ጨረሰች ብ-ብላችሁ እንዳታጨበጭቡ።»

አሁን አዳራሹ ከልቡ ሳቀ። ሾፌሮቹ ረድፍ ላይ አንዱ ጭኑን መታ። አፈ ጉባኤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ቀልድ ማን አስተማራት? እሱ አላስተማራትም።

ከዚያ ጀመረች። ግድግዳ እንደ ሰው ነው አላለችም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይል ነበር። በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። ሸራው ላይ ፎቶ አወጣች፤ የሳሎን፣ የትምህርት ቤት፣ የመጋዘን ግድግዳ። ስንጥቅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አሳየች። እንደ ፀጉር የቀጠነው የልስን ስንጥቅ ነው፣ ቀለም የሚያጠፋው፣ እንቅልፍ ሊነሣችሁ አይገባም አለች። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠበውና ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠበው ሁለት የተለያየ ወሬ ነው የሚነግራችሁ አለች፤ በየትኛው በኩል መሬቱ እንደ ከዳ ከዚያ ይነበባል። ትያዛለች፤ ትጠብቃለች፤ ቃሉ ይመጣል፤ ትቀጥላለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕዝቡ ከእሷ ጋር መተንፈስ ጀመረ። ስትቆም ይቆማል፤ ስትሄድ ይሄዳል። ሻንጣ የያዙት መንገደኞች ሻንጣቸውን መሬት አወረዱ።

አንድ ትልቅ ፎቶ አወጣች፤ ግድግዳውን የሰነጠቀ ሰያፍ መስመር ነበር።

«ይህን ስታዩ» አለች፣ «መጀመሪያ ከየት እንደ ተነሣ ጠ-ጠይቁ። የተነሣው ከመ...»

ተያዘች። ከሁሉም የከፋው መያዝ ነበር። አፏ «መ» ላይ ተከድኖ ቀረ፤ አንገቷ ተገተረ፤ ዐይኗ ጠበበ። ጊዜው ረዘመ። አፈ ጉባኤ ቃሉን ያውቀዋል። ጉሮሮው ላይ ደርሷል። ግድግዳ ከየት ይሰነጠቃል፣ ከመሠረቱ ነው እንጂ! ሳያስበው ከወንበሩ ተነሣ፤ አፉ ተከፈተ፤ እናቱ የኮቱን ጫፍ ጎተተችው።

«ተቀመጥ» አለችው በጥርሷ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላ አንድ ሾፌር በጎርናና ድምፁ፣ «ከመሠረቱ!» ብሎ ጮኸ።

ዶክተሯ እጇን አነሣች። አልተቆጣችም። ቃሉን እስክታወጣ ድረስ እጇን እንዳነሣች ቆየች።

«ከመ-መስኮቱ» አለች።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ከመስኮቱ ጥግ። ግድግዳ ሲደክመው መጀመሪያ የሚ-የሚከፈተው የክፍት ቦታው ጥግ ላይ ነው። ወደ መሠረቱ በኋላ እንሄዳለን። አትቸኩሉ፤ የችኮላ ግድግዳ ነው የሚሰ-ሰነጠቀው።»

ሳቁ ጣሪያውን አነቃነቀው። የጮኸው ሾፌር ራሱ ቆሞ «ይቅርታ ዶክተር!» አለ፤ እንደገና ሳቁ። ከሳቁ መሐል አንዳች ጭብጨባ ተነሣ፤ እሷም ወዲያው፣ «አል-አልጨረስኩም!» አለች።

አፈ ጉባኤ ግን አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። እሱም «መሠረት» ሊል ነበር። ቃሏን ከማንም በላይ አውቃለሁ ብሎ ሲኖር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ፣ ቃሉ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፊቱ ሞቀው። ኀፍረት ይመስላል ብሎ አሰበ፤ ግን ኀፍረት ብቻ ቢሆን ደረቱ እንዲህ አይሰፋም ነበር። ቀና ብሎ አያት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ እጇ አስቁማ፣ እኔ የማስበውን እኔ ነኝ የማውቀው የምትለዋ ይቺ ሴት እህቱ ናት። ለሆነ ሰው መንገር ፈለገ፤ አጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው መታ አድርጎ «አየህ?» ማለት ፈለገ። ቃል ግን አልመጣለትም።

ንግግሩ ሲያበቃ ጥያቄ ተፈቀደ። ቡታንቲ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ተነሥታ፣ የእሷን ግድግዳ በየዓመቱ ታስለስናለች፣ በየዓመቱ ይሰነጠቃል፣ ምን ይሻላታል አለች።

«መ-መጀመሪያ ተይው» አለቻት ዶክተሯ። «ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት አ-አጣብቂበት። ወራት ቆይቶ ካልተሰበረ ግድግዳው አርፏል፤ አስለስኚ። ከተሰበረ ገና እየሄደ ነው፤ የ-የሚሄድ ሰው ፊቱን አይቀባም።»

ሴትዮዋ እየሳቀች ተቀመጠች። ቀጥሎ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ተቀበለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶክተር» አለ፣ «ጽሑፉን ሌላ ሰው ቢያነብልዎት አይቀልዎትም ነበር?»

አዳራሹ ቅር አለው። አስተባባሪው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ይቀለኝ ነበር» አለች። ወረቀቷን ሰብስባ አትሮንሱ ላይ አኖረችው። «ግን ሐሳቡ የ-የእኔ ነው። የመጣበት መንገድ ኮ-ኮረኮንች ነው። ከነኮረኮንቹ ብትሰሙት ብዬ ነው።» ትንሽ ቆማ፣ «አሁን ጨ-ጨርሻለሁ» አለች። «ማጨብጨብ ትችላላችሁ።»

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነሣ። ሾፌሮቹ ያፏጫሉ፤ ፕሮፌሰሮቹ ያጨበጭባሉ፤ ከሁሉ አስበልጦ የሚያጨበጭበው አስተባባሪው ነበር፣ ክራባቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል። እናትየዋ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። የመናኸሪያው ኃላፊ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አፈ ጉባኤን ትከሻውን ነቀነቀው።

«አንተ! ምን ሆነሃል? አንድ ነገር በል እንጂ!»

አፈ ጉባኤ ዞሮ አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣውም። ኃላፊው ጉድ ብሎ ለባለቤቱ፣ «ይኸው፣ በሥራዬ ዘመን ዝም ሲል ያየሁት ዛሬ ነው» አላት።

ኮሪደሩ ውስጥ ዶክተሯን ሰው ከበባት። አንዱ የቤቱን ግድግዳ ፎቶ ከስልኩ ያሳያታል፣ አንዱ ሰፈሩ መጥታ እንድትናገር ይለምናታል። አስተባባሪው በሕዝቡ መሐል ተጋፍቶ ደረሰና፣ ንግግሩ በሚቀጥለው ወር እንዲደገም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት መጠየቃቸውን ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ ያልኩዎትን ነገር... በቅንነት ነበር» አላት።

«አ-አውቃለሁ» አለችው። «በቅንነት ባይሆን መቼ እ-እንዲህ ይከብደኝ ነበር?»

ከመስታወት ሣጥኑ አጠገብ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አፈ ጉባኤን፣ «እርስዎ ደግሞ የዶክተሯ ምኗ ነዎት?» ብለው ጠየቁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከልደቷ ጀምሮ ይተርክላቸው ነበር።

«ወንድሟ ነኝ» አለ። ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አልታየውም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሦስቱ በእግር ወደ ቤት ተነሡ። እናትየዋ በመሐል፣ ልጆቿ በግራና በቀኝ። ጥቂት እንደ ሄዱ አፈ ጉባኤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ። በልጅነታችን ቃልሽን ስጨርስልሽ... ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ?»

ጎንበስ ብላ በእናቷ በኩል አየችው። ሳቋን ልትይዘው ሞክራ አልቻለችም።

«ሱ-ሱቅ ስንሄድ» አለች፣ «እኔ ‹ብ› ስል፣ አንተ ‹ብስኩት ስጣት› ትለዋለህ።»

«አዎ። ብስኩት ትወጂ ነበራ።»

«ብ-ብርቱካን ነበር የምፈልገው።»

አፈ ጉባኤ ቆመ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«አሃ!» አለች እናትየዋ። «ለዚህ ነዋ ያን ሁሉ ብስኩት ድመቷ የበላችው!»

አፈ ጉባኤ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። መንገደኛ ዞሮ እስኪያየው፣ ዐይኑ እንባ እስኪያወጣ፣ የአጥር ብረት ይዞ ሳቀ። ሲበርድለት ፊቱን በመሐረብ ጠረገና፣ «ሌላስ?» አለ።

«ሌላም አለ። ት-ትሰማለህ?»

«ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ትምህርት ቤት ስላደረገላት፣ እንግዳ ፊት ስላለላት፣ ሐኪሙን የማያማትን ቦታ እንዳማት አድርጎ ስለነገረላት፣ አንዱን ከአንዱ እያስከተለች ታወራለች። ቃል በያዛት ቁጥር እሱም እግሩን ገታ አድርጎ ይቆማል፤ ቃሉ ሲወጣ ይራመዳል። መንገዱ አጭር ነበር፤ እነሱ ግን ቤት ሲደርሱ የመንገድ መብራቱ በርቶ ነበር።